የሌሊት ጥቅል

ሱቄ ከፓርኩ በር ማዶ ናት፣ ባጃጆች ከሚዞሩበት፤
ስድስት ቆርቆሮ ናት በቃ፣ ሲም ካርድ የምሸጥበት፣
ማታ ማታ መደርደሪያውን ገፍቼ የምተኛበት።

ቅዳሜ ኒሉካ መጣች፣ ሰርቪሱ አውርዷት እንዳለፈ፤
የክር ብናኝ ከቅንድቧ ገና እንኳ አልረገፈ።
ሀገሯ ስሪላንካ ነው፣ ከተማዋ ኩሩኔጋላ፤
ለሐዋሳ ልጆች ኮሌታ ታሰፋለች፤ አንዱ ሲጣመም፣ ሌላ፤
አማርኛዋ «ቀጥ!» ነው፣ «ድገሚ!» ነው፣ «ቆይ በኋላ»።

«ጥቅል» አለችኝ። የቱን ልበላት? ጥቅል እንደ ጎመን በዛ፤
የቀን አለ፣ የሳምንት አለ፣ የወር አለ ለሚገዛ፤
ድምፅ ብቻ፣ ዳታ ብቻ፣ ቅልቅል፣ የቅዳሜና እሁድ፣
«ያልተገደበ» የሚሉት፣ ገደቡን በደቃቅ ፊደል የደበቀ ጉድ።

ከመንገዱ ማዶ ላሜቦ፣ የሌላው ኩባንያ ሻጭ፣
ከጃንጥላው ስር ይጣራል፣ ምላሱ ምላጭ፤
«እህት፣ ነይ! የእኔ ይሻላል! የእሱ ኔትወርክ ተቆራራጭ!»

እሷ ግን ማስያ አወጣች። ክር እንደሚመትር ሰው ሆና
ጊጋውን ለብር አካፈለች፣ ብሩን ለደቂቃ፣ እንደገና
ደቂቃውን ለአንድ ልጅ ፊት። ከዚያ ቀና አለችና
«የሌሊቱ» አለች። ርካሹ። ሞላሁላት፣ በጤና።

ሰኞ ማለዳ ተመለሰች፤ ፊቷ የተተረተረ ጨርቅ፤
«ሌባ!» አለችኝ ጥርት አድርጋ፣ በቋንቋዬ፣ ሳትሳቀቅ።
ስልኳን ተቀብዬ አየሁ። የሌሊቱ ጊጋ እንዳለ አለ፣ ያልተነካ፤
የሞላችው ካርድ ግን ባዶ። አንድ ሳንቲም የለም ለካ።

ቅዳሜ «ከስንት?» ስትለኝ ስድስት ጣት ነበር የዘረጋሁት፤
ሌሊት ስድስት የእኔ ነው፣ ከእናቴ አፍ ሰምቼ የያዝኩት።
የእሷ ስድስት ግን ሌላ ነው፤ ጀምበር ሐይቁ ውስጥ ስትሰጥም፣
አባ ኮዳ ከዓሣ ገበያ ጠግቦ ዛፍ ላይ ሲከትም።
እኛ አሥራ ሁለት እንለዋለን። ይህን ማንም አልነገራትም።

ብሯን ልመልስላት አልችልም፤ ኩባንያ የዋጠውን አይተፋም፤
ከኪሴ ሃምሳ ሞላሁላት። ላሜቦ ሳቀ፤ ይሳቅ፣ አልከፋም።

ከካርቶን ክዳን ቀደድኩና ሁለት ክብ ሣልኩላት፤
አንዱ የእኔ ሰዓት፣ አንዱ የእሷ፤ በመስመር አገናኘሁላት።
ሦስተኛውን ራሷ ሣለች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤
«ሳኑል» ብላ ጻፈችበት፤ ፊደሏም ክብ ክብ ይላል።

እኩለ ሌሊት ለሷ አይረባም፤ እዚያ ልጁ እንቅልፍ ላይ ነው፤
ለተኛ ልጅ ጊጋ ምኑ ነው?
ጣቷ ክቡ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ዘጠኝ ላይ ደርሶ ቆመ፤
«ሌሊት… ዘጠኝ» አለች በቀስታ። ካፏ ሲወጣ ቃሉ ጣመ።

ያን ጊዜ ኩሩኔጋላ ወፍ ይንጫጫል፤ ሳኑል ይነሳል ተጎትቶ፣
አንድ ካልሲ ተገኝቶ፣ አንዱ አልጋ ስር ጠፍቶ፣
አጎቱ እየተቆጣው፣ የጥርስ ሳሙና አገጩ ላይ ቀርቶ።

ከዚያ ወዲህ ሽንቴ ሲቀሰቅሰኝ፣ ወይ ውሻ ጮሆ ስነቃ፣
ከማዶው ፎቅ አንዲት መስኮት አያለሁ፣ በስልክ ብርሃን ደምቃ።
ፋብሪካው ጸጥ፣ ታቦር ጸጥ፣ ሐይቁም ጸጥ ብሎ፤
እሷ ግን ካልሲ ትፈልጋለች፣ ባሕር ተሻግራ፣ አልጋ ስር።

አሁን ዋጋ ከመናገሬ በፊት ሰዓት አስቀድማለሁ፤
ሀገሩ ሌላ የሆነ ሲመጣ፣ «የማን ስድስት?» እላለሁ።

ትናንት ደግሞ ብቅ አለች። እዚያ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤
ሳኑል ፀሐይ እስክትሞቅ፣ እስከ ረፋድ ይተኛል።
ካርቶኑ እጇ ላይ ነበር፣ ጠርዙ በላብ ወዝቶ፤
ማስያዋን አወጣች።
በርጩማ አቀበልኳትና
ጥቅሉን ከላይኛው ቅጠል
መላጥ ጀመርን፣ እንደገና።